ለሐረር ሰማይ በሩ የት ነው?

እንበልና አንድ ለንደን ያደገ የሐረር ልጅ አለ። ቅዳሜና እሁድ ማይክሮላይት ያበርራል። ማይክሮላይት ከሁለት ሰው በላይ የማትይዝ፣ በብሪታንያ ሕግ ከነተሳፋሪዋና ከነነዳጇ ከ600 ኪሎ መብለጥ የሌለባት ትንሽዬ አውሮፕላን ናት። ልጁ ተምሯል፣ ተፈትኗል፣ የአብራሪነት ፈቃዱም በኪሱ ነው። አሁን የቀረው ምኞት አንድ ነው፤ ጀጎልን ከላይ ማየት። ያንኑ ፈቃድ ይዞ መጥቶ በሐረር ሰማይ ላይ መብረር ይችላል?

አጭሩ መልስ ‹‹ፈቃዱ ብቻውን አይበቃም›› የሚል ነው። የዓለም የሲቪል አቪዬሽን ሕግ መሠረት የቺካጎ ስምምነት ነው። ስምምነቱ አንዱ አገር የሰጠውን የአብራሪ ፈቃድ ሌላው እንዲቀበል የሚያስገድደው ፈቃዱ ዓለም አቀፉን ዝቅተኛ መስፈርት ሲያሟላ ነው። የማይክሮላይት ፈቃድ ደግሞ በብዙ አገሮች ለአገር ውስጥ በረራ ብቻ ተብሎ የሚሰጥ ነው። ድንበር ሲሻገር ዋጋው የሚወሰነው በእንግዳ ተቀባዩ አገር ነው። ይባስ ብሎ የስምምነቱ አንቀጽ 32፣ አንድ አገር የራሱ ዜጋ ከውጭ ያመጣውን ፈቃድ በራሱ ሰማይ ላይ ላለመቀበል መብት ይሰጠዋል። ልጃችን ዜግነቱን ካልቀየረ፣ ከእንግሊዛዊ ጓደኛው ይልቅ እሱ ሊከለከል ይችላል ማለት ነው!

‹‹ያው ቢሮክራሲ!›› የሚል አይጠፋም። ረጅሙን መልስ ለመስማት ግን ወደ ታሪክ መሄድ ያስፈልጋል፤ ያውም ወደ ሐረር ታሪክ። ምክንያቱም ‹‹መቻል ሌላ፣ መፈቀድ ሌላ›› የሚለውን ሕግ ሐረር አውሮፕላን ከመፈጠሩ በፊት ታውቀው ነበር።

በሩ ላይ የቆመው እንግሊዛዊ

የሐረር ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ነው። አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። በሮቹ ማታ ይዘጋሉ፣ ጠዋት ይከፈታሉ። በ1847 ዓ.ም. ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ከእነዚህ በአንዱ ፊት ቆመ። ጉዞውን የጀመረው የአረብ ነጋዴ መስሎ ነበር። ከተማዋ ስትቃረብ ግን ሐሳቡን ለወጠና በኤደን የነበረው የእንግሊዝ መንግሥት ሹም ለሐረር አሚር የጻፈው የሚመስል ደብዳቤ በገዛ እጁ ጻፈ። በእኛ ቋንቋ ፎርጅድ ማለት ነው። ይህን ያወቅነው ራሱ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ስለተናገረው ነው።

በረኛው አስቁሞት ጉዳዩ ለአሚር አህመድ እስኪነገር አስጠበቀው። በርተን ገባ፤ ከአሚሩም ፊት ቀረበ፤ አሥር ቀን ያህል ቆይቶ ተሰናብቶ ወጣ። ልብ በሉልኝ፤ ሰውየው ብዙ ቋንቋ የሚናገር፣ ብዙ በረሃ ያቋረጠ ተጓዥ ነው። በሩ ላይ ግን ችሎታውን የጠየቀው የለም። የተጠየቀው ‹‹ማን ነህ? ማንስ ላከህ?›› ተብሎ ነው። ደብዳቤ ለመፎረጅ የተገደደውም ለዚሁ ጥያቄ መልስ ስላስፈለገው ነው።

በረኛ የሌለው ሰማይ

ከዚያ የአውሮፕላን ዘመን መጣ፤ ግንብም ዋጋ አጣ። ሐረር ያደጉት ተፈሪ መኮንን በ1915 ዓ.ም. ኤደን ላይ የእንግሊዞችን አውሮፕላኖች አዩ፤ ተሳፍረውም በረሩ። ሰባት ዓመት ሳይሞላ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ የመንግሥትን የመጀመሪያ አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25ን፣ አዲስ አበባ አሳረፈ። አስፋው አሊና ሚሽካ ባቢቼፍ እ.ኤ.አ. በ1930 ለብቻቸው እስኪበሩ ድረስ ሰማያችን ላይ መሪውን የጨበጡት የውጭ ሰዎች ነበሩ። ቢሆንም ተጋብዘው የመጡ ናቸው።

መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ሐረር ላይ የደረሱት ግን ያልተጋበዙት ናቸው። ከተማዋ ጦር የማይመሽግባት ‹‹ክፍት ከተማ›› መሆኗ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። የጣሊያን አውሮፕላኖች ይህ አላገዳቸውም፤ ቦምባቸውን አወረዱት። አምስቱም በሮች ቢዘጉ ለውጥ አልነበረውም። ልክ በአርባኛው ቀን፣ ሚያዝያ 30፣ ከተማዋ በግራዚያኒ ጦር እጅ ወደቀች።

እነዚያ አብራሪዎች በአገራቸው ተምረው በአገራቸው የተመሰከረላቸው ነበሩ። ችሎታ አላነሳቸውም። የሌላቸው የባለቤቱ ‹‹እሺ›› ነው። አገር የሰማዩ ባለቤት ነው የሚለው መርህ በ1912 ዓ.ም. በፓሪስ ስምምነት ውስጥ ተጽፎ ነበር፤ ወረቀት ብቻውን ግን ቦምብ አያስቆምም። ሐረር ከተደበደበች ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላ፣ ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ ቺካጎ ላይ ይኸው መርህ የአዲሱ ስምምነት አንቀጽ 1 ሆነ፤ እያንዳንዱ አገር በግዛቱ ሰማይ ላይ ሙሉና ብቸኛ ሉዓላዊነት አለው። ኢትዮጵያም በጉባኤው ላይ ነበረች። ለሌላው አገር ይህ የሕግ ቋንቋ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን የሐረር ጣሪያዎች ጉዳይ ነው።

ጠይቀው የገቡት

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ‹‹ፈረንጅ አብራሪ አይግባብን›› ብለን በጨረስን ነበር። ነገር ግን ጠይቀው የገቡትም አሉ። ጆን ሮቢንሰን ከቺካጎ፣ በአሜሪካ ፈቃድ የሚያበርር ጥቁር አሜሪካዊ፣ በ1927 ዓ.ም. መጥቶ የኢትዮጵያን አየር ኃይል መራ። ከነፃነት በፊት ወጥቶ፣ ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ወጣቶችን አሠለጠነ። በ1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በትንሽ አውሮፕላን አደጋ ሕይወቱ አለፈ።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለቀይ መስቀል ቁስለኛ አመላለሰ። ከድል በኋላ ቢሾፍቱ ላይ አየር ኃይላችንን ለዓመታት ገነባ። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ በጥቂት ትንንሽ የስዊድን አውሮፕላኖች ላይ ሮኬት አስገጥሞ፣ ከቢያፍራ ጎን ተሰልፎ የናይጄሪያን አየር ማረፊያዎች ደበደበ። ከዓመታት በኋላ በ1966ቱ ረሃብ ጊዜ እዚሁ አገራችን ተመልሶ፣ በትናንሽ አውሮፕላኖች እህል ከሰማይ ጣለ። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ያን ጊዜ በሐረርጌ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው ጎዴ፣ በሶማሊያ ጦርነት ተገደለ።

አንድ ሰው፣ አንድ ችሎታ። እዚህ እንግዳ፣ ናይጄሪያ ላይ ወራሪ። ልዩነቱን ያመጣው ኪሱ ውስጥ ያለው ፈቃድ አልነበረም፤ የሰማዩ ባለቤት ነው።

ወደ ልጃችን እንመለስ

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በኅዳር 2009 ዓ.ም. ከቀርጤስ ወደ ኬፕታውን በአሮጌ ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚበርሩ የውጭ አብራሪዎች ጋምቤላ ላይ ለሁለት ቀን ያህል ታግደው ነበር። የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ‹‹ያለ ፈቃድ ገብተዋል›› አለ። በኋላ ተለቀቁ። ዜናው በውጭ ጋዜጦች እንደ ጉድ ተወራ። ሐረርን ለሚያውቅ ግን ያው የድሮው የበረኛ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው የክብር ብቻም አይደለም። ሐረር ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የራሷ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ልጃችን መነሳት የሚችለው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘውና በቀድሞው የሐረር ገዥ በአባ ጠና ደጃዝማች ይልማ ስም ከተሰየመው የድሬዳዋ ማረፊያ ነው። ከዚያ ተራራውን መውጣት አለበት። አየሩ ሲሳሳ የትንሿ ሞተር ጉልበት ይቀንሳል። ለንደን ዙሪያ ባለው ሜዳ የተማረ ሰው ይህን በእንግሊዝ ፈተና አልተፈተነም። ‹‹ፈቃድህን ልየው፣ እዚህ መብረርህንም ላረጋግጥ›› ማለት እሱንም፣ ከታች ያለውንም ሰው መጠበቅ ነው።

እንግዲህ በረኛውን ከጠየቅን የእሱንም ድርሻ እንጠይቅ። እንግዳው መጠየቅ አለበት፤ በረኛውም መልስ መስጠት አለበት። አመልክቶ ‹‹አዎ›› ወይም ‹‹አይ›› የሚባል ሰው የአገሩን ሕግ ያከብራል። አመልክቶ ዝም የሚባል ሰው ግን እንደ በርተን ደብዳቤ መጻፍ ይጀምራል። የጀጎል በሮች ሌሊት ይዘጉ እንደነበር ሁላችንም እንተርካለን። በየጠዋቱ ይከፈቱ እንደነበርም አብረን እንተርክ። ሐረር የንግድ ከተማ የሆነችው በግንቧ ሳይሆን በበሮቿ ነውና።