የልጅ ሆድ ሲገፋ ሐሜት ሳይሆን አልትራሳውንድ ይቅደም

ጉንደ ወይን ከብቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በእንዲህ ያለች ከተማ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃገረድ ሆዷ ገፋ ሲል አስቀድሞ የሚጠረጠረው እርግዝና ነው፤ ካልሆነም የሆድ ትላትል። በአዲስ አበባም ቢሆን ነገሩ ብዙ አይለይም። ሦስተኛው ምክንያት ግን ይረሳል፦ የኦቫሪ ዕጢ።

ኦቫሪ በማህፀን ግራና ቀኝ ያለ የእንቁላል ማምረቻ ነው። ዕጢ የሚያወጣው በትልልቅ ሴቶች ብቻ ይመስለናል፤ ሆኖም በሕፃናትም ላይ ይታያል። ደግነቱ አብዛኛው ካንሰር አይደለም። ውኃ የቋጠረ ከረጢት ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ከእውነተኛዎቹ ዕጢዎች በልጆች ላይ የሚበዛው ቴራቶማ ሲሆን፣ በውስጡ ስብ፣ ፀጉር፣ አንዳንዴም ጥርስ ይገኝበታል።

የመጀመሪያው ምርመራ አልትራሳውንድ ነው። ጨረር የለውም፤ አያምምም፤ ለልጃገረድ የሚደረገው ደግሞ በሆድ ላይ ብቻ ነው። ሐኪሙ የሚያየው ዕጢው ፈሳሽ ነው ወይስ ጠጣር፣ መጠኑስ ስንት ነው የሚለውን ነው። ትልቅና ጠጣር ክፍል ያለው ዕጢ ለካንሰር ያጠራጥራል። ስብና ካልሲየም ከታየ ቴራቶማ የመሆን ዕድሉ ያይላል።

ድንገተኛ የሆድ ሕመምና ትውከት ካለ ግን ኦቫሪው ተጠማዞ የደም ሥሩ ታንቆ ሊሆን ስለሚችል ሰዓታት ዋጋ አላቸው። በዶፕለር የደም ዝውውር መታየቱ ብቻውን መጠማዘዙን አያስቀርም።

ኤምአርአይ ያለ ጨረር የዕጢውን ዓይነት አጥርቶ ያሳያል፤ ትንንሽ ልጆችን ግን ማስተኛት ሊጠይቅ ይችላል። ሲቲ ስካን ጨረር ቢኖረውም ካንሰሩ ወደ ሳንባና ወደ ሌላ አካል መዛመቱን ለማየት ያገለግላል። ከምስሉ ጎን አልፋ ፌቶፕሮቲንና ቤታ ኤችሲጂ የተባሉ የደም ምርመራዎች ይታዘዛሉ።

እዚህ ላይ ልብ ይባል። ቤታ ኤችሲጂ የእርግዝና ምርመራው የሚፈልገው ሆርሞን ነው፤ አንዳንድ የኦቫሪ ካንሰሮችም ያመነጩታል። ስለዚህ በሽንት የተደረገ የእርግዝና ምርመራ «ፖዘቲቭ» ቢልም ማህፀኗ በአልትራሳውንድ ሳይታይ በልጅቱ ላይ መፍረድ አይቻልም። በሕግ ቋንቋ ማስረጃው ገና አልተሟላም።

ካንሰር የሚያጠራጥር ዕጢ በመርፌ መቀዳት የለበትም፤ ሕዋሳቱ ወደ ሆድ ሊፈሱ ይችላሉ። በልጆች ላይ የሚበዙት የኦቫሪ ካንሰሮች ለኬሞቴራፒ በደንብ ምላሽ ይሰጣሉ። ብዙ ጊዜም የታመመው ወገን ብቻ ወጥቶ ማህፀኑና ሌላው ኦቫሪ ስለሚተርፉ ልጅቱ ነገ እናት የመሆን ተስፋዋ አይቋረጥም።

ከጉንደ ወይን ወላጅ ልጁን ይዞ በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር፣ ወይም በብቸናና በደጀን አድርጎ ወደ ደብረ ማርቆስ አልያም ወደ አዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሊሄድ ይችላል። መንገዱ ሩቅ ነው፤ በሐሜትና በኀፍረት ቤት ውስጥ የሚባክነው ጊዜ ግን ከመንገዱ ይከፋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ተቋማት ሕፃናትን በሚመለከት እርምጃ ሲወስዱ የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። ይህ ግዴታ ለሆስፒታሉ ብቻ ሳይሆን ለእኛም ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለጎረቤቶች ሊሠራ ይገባል። ሆዷ የገፋ ልጅ ከጥያቄ በፊት ምርመራ ይገባታል።