ስለ ጣና ታንኳ

የአምባ ጊዮርጊስ ልጆች ስለ ታንኳ መጻፋችን አንባቢን ያስቅ ይሆናል። አገራችን የገብስና የውርጭ አገር ናት፤ ከምንጭና ከጅረት በቀር ውሃ አናውቅም። ነገር ግን ከጎንደር በስተ ሰሜን ካለው ደጋ የሚወርደው የመገጭ ወንዝ ጉዞውን የሚጨርሰው ከጣና ገብቶ ነው። እኛም ባለፈው ዓመት ወንዙን ተከትለን እንደ ወረድን ያህል በጎርጎራ ዳርቻ ቁመን ያየነውን የደንገል ታንኳ ለመርሳት ስላልቻልን፥ ታሪኩን ልንመረምር ወደድን።

ደንገል በውሃ ዳር የሚበቅል ረጅም ተክል ነው። ከታጨደ በኋላ በፀሐይ ይደርቃል፤ ከዚያም እየተነባበረ በገመድ ጠብቆ ይታሰራል፤ ፊቱና ኋላው ወደ ላይ ይቀለበሳል። በውስጡም ሰውንና ጭነትን ከእርጥበት የሚያርቅ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይጋደማል። ምስማር የሚባል ነገር አይነካውም። የሚንሳፈፈውም የደንገሉ ግንድ ውስጡ እንደ ቡሽ አየር የቋጠረ በመሆኑ ነው። ሁኖም ውሃው ቀስ በቀስ ስለሚሰርገው፥ ባለቤቱ ከጉዞ በተመለሰ ቁጥር ከዳር አውጥቶ ያደርቀዋል። ይህም ሁሉ ተደርጎለት ዕድሜው ከጥቂት ወራት አያልፍም።

በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ይህን ታንኳ በመጽሐፉ ገልጾታል፤ በሥሩ የግራር እንጨት ይጋደምና ደንገሉ ከእርሱ ጋር ይያያዝ እንደ ነበረ ይናገራል። ከሁሉ ይልቅ እኛን የማረከን ግን የዓፄ ቴዎድሮስ ነገር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1858 ዓ.ም. በጣና ዳር በሰፈሩ ጊዜ ከደንገል ትልቅ ጀልባ አሠርተው በእጅ የሚዞር መንኮራኩር እንዳስገጠሙለት፥ በዚያ የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ጽፏል። የጎደለው እንፋሎቱ ብቻ ነበረ! ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። እኛ ግን ብረትና ሞተር በሌለበት፥ በእጅ ያለውን ሣር ይዞ መነሣት የሚያስቅ አይመስለንም።

ይህን ጥበብ ጠብቀው ያቆዩት በሐይቁ ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። አባቶቻቸው ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፤ ሥጋውንም ስለሚበሉ ጎረቤቶቻቸው ከእነርሱ ጋር ማዕድ አይቀርቡም ነበር። እህሉንና ማገዶውን በታንኳ እያሻገረ የታንኳውን ሠሪ የናቀው ማን እንደ ሆነ ለመጠየቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በእኛም ደጋ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ምን ይባሉ እንደ ነበረ ሁላችንም በቤታችን ሰምተናል።

ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል መርከብ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደ ነበረ ለማሳየት በተነሣ ጊዜ፥ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነው። «ራ» የተባለችው መርከብ በግብፅ ፒራሚዶች አጠገብ ታሰረች፤ ሠሪዎቹ ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ነበሩ። በግንቦት 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ተነሥታ ብዙ ከተጓዘች በኋላ፥ ባርባዶስ ሳትደርስ ተጎዳችና ተተወች። በማግሥቱ ዓመት ሁለተኛይቱ «ራ» ከቦሊቪያ በመጡ የቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች እጅ፥ ያው ከኢትዮጵያ በሄደ ደንገል ተሠርታ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። ደንገሉ የእኛ፥ እጁ የሌላ! ይህን ባነበብን ጊዜ ደስታና ቅናት ተደባለቀብን።

ዛሬ ደንገሉ ራሱ እየሳሳ ነው። የሐይቁ ዳር እየታረሰ ሄዷል፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህም እንቦጭ የተባለው አረም ተጨምሮበታል። የዓፄ ፋሲል ግንብ ሠሪዎቹ ካለፉ ከ300 ዓመታት በላይ ሁኖት ዛሬም ቁሟል፤ ድንጋይ ነውና ይጠብቃል። ታንኳ ግን አይጠብቅም፤ የአያት ታንኳ ለልጅ ልጅ አይደርስም፤ የሚደርሰው የማሰሩ ዕውቀት ብቻ ነው።

በጎርጎራ ዳርቻ ሊደርቅ ቁሞ ያየነው ታንኳ ይህ መጽሔት በሚታተምበት ጊዜ በስብሶ ይሆናል። ባለቤቱ ሌላ አስሮ እንደ ሆነ በመጪው ዕረፍት ወርደን እንጠይቃለን።