የዳንግላው ቆንስላ

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ስጓዝ አውቶቡሳችን ዳንግላ ላይ ለቁርስ ቆመ። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት የአካባቢው ልጅ ነው። «እዚህ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበር» ብለው «ጋሼ ደግሞ! እንግሊዝ ዳንግላ ምን ሊሠራ?» ብሎ ሳቀብኝ። አልፈረድኩበትም። እኔም ያን ሁሉ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይህን ለአንድም ተማሪ አልነገርኩም።

ጥያቄው ግን ተገቢ ነው። ዳንግላ ወደብ የላትም። ያላት የጣናና የዓባይ ጉርብትና ነው። በግንቦት 1894 ዓ.ም ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በፈረሙት ውል፣ ያለ ስምምነት በጣና፣ በዓባይና በሶባት ላይ ውሃ የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ ተብሏል። በታኅሣሥ 1918 ዓ.ም ደግሞ እንግሊዝና ጣሊያን እኛን ሳያማክሩ፣ አንዱ በጣና ግድብ ሌላው በባቡር ሐዲድ ሊደጋገፉ በደብዳቤ ተስማሙ። ራስ ተፈሪ ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት አሉ።

ሜጀር ቺስማን የዳንግላ ቆንስል ሆኖ የመጣው በዚሁ ሰሞን፣ እ.ኤ.አ በ1925 ነው። እስከ 1934 ቆየ። ሰውየው ወፍ አጥኚም ነበር። ስለዚህ ያ ቅጥር በስሙ ቆንስላ ይሁን እንጂ በግብሩ የወፍ አጥኚ ማረፊያም የካርታ ነሺ ቤትም ነበር። ቆንስሉ ከዚያ እየተነሣ የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ እስከ ሱዳን ጠረፍ ድረስ አጠና። ያየውንም እ.ኤ.አ በ1936 በመጽሐፍ አወጣ።

በዚያው ዓመት ጣሊያን አገሩን ያዘ፤ ዳንግላም የጦር ሰፈር ሆነች። ቺስማን ግን ኋላ ካርቱም ላይ በእንግሊዝ የስለላ ክፍል የኢትዮጵያን ጉዳይ ያዘ። ለውሃ ተብሎ የተጠራቀመው እውቀት፣ አርበኞችን ለመርዳት ለተሰናዳው ዘመቻ ዋለ። በየካቲት 1933 ዓ.ም ጣሊያኖች ዳንግላን ለቀው ወጡ።

«ታዲያ ቤቱ ለማን ጠቀመ?» አለኝ ልጁ፣ አሁን ሳይስቅ።

መጀመሪያ ለላከው ነዋ! ወንዙ የእኛ፣ ካርታው የእነሱ ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የዓባይ ግድብ ሲመረቅ ደስ ያለኝ ለመብራቱ ብቻ አይደለም፤ ውሃውን ራሳችን ለክተን ራሳችን ጽፈነዋል ብዬም ነው። የዳንግላን ቤት ታሪክ ግን ዛሬም የምናነበው በቆንስሉ ብዕር ነው። በቅሎውን የጫነው፣ መንገዱን የመራው አገውኛ ተናጋሪ ያየውን ማን ጻፈለት?

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ልጁ ሻዩን ጨልጦ ተነሣና «አያቴ ከአባታቸው የሰሙት አይጠፋም፤ ስመለስ እጠይቃቸዋለሁ» አለ።

«ስትጠይቅ ጻፈው» አልኩት።