የሴን ወንዝ፦ ከመቶ ዓመት በኋላ የተነሳው የዋና እገዳና ያስነሳው ውዝግብ

የፈረንሳይን ርዕሰ ከተማ ፓሪስን አቋርጦ የሚያልፈው የሴን ወንዝ እ.ኤ.አ ከ1923 ጀምሮ ለዋና ተከልክሎ ከቆየ በኋላ፣ ጁላይ 5 ቀን 2025 በሦስት ሥፍራዎች ለሕዝብ ክፍት ተደርጓል። እገዳው እስኪነሳ ድረስ የወንዙ ጽዳት በከተማዋ ፖለቲካ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል።

የብክለቱ ዋነኛ መንስኤ የዝናብ ውኃንና የቤት ፍሳሽን በአንድነት የሚያስተላልፈው ነባር መስመር ነው። ከባድ ዝናብ ሲጥል መስመሩ ከአቅሙ በላይ ስለሚሞላ ትርፉ ሳይጣራ ወደ ወንዙ ይለቀቃል። ከፓሪስ በላይ በሚገኙ አካባቢዎችም ፍሳሻቸው በስህተት ከዝናብ ውኃ መውረጃ ጋር የተገናኘ በርካታ ቤቶች ነበሩ። እነዚህ ቤቶች ከፓሪስ ከተማ አስተዳደር የሥልጣን ክልል ውጪ በመሆናቸው ሥራው የማዕከላዊ መንግሥቱንና የአጎራባች ከተሞችን ቅንጅት ጠይቋል።

የወቅቱ የፓሪስ ከንቲባ ዣክ ሺራክ እ.ኤ.አ በ1990 በሦስት ዓመት ውስጥ በወንዙ እንደሚዋኙ ቃል ቢገቡም ቃሉ አልተፈጸመም። ጉዳዩ አዲስ መነቃቃት ያገኘው ከተማዋ የ2024ቱን የኦሊምፒክ ጨዋታዎች እንድታስተናግድ ስትመረጥ ነው። ለጽዳቱ 1 ነጥብ 4 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ የተመደበ ሲሆን፣ በኦስተርሊትዝ 50 ሺህ ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ የከርሰ ምድር ማጠራቀሚያ ተገንብቷል። የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች የጀርም ማስወገጃ ተገጥሞላቸዋል፤ ጀልባዎችም ከፍሳሽ መስመር ጋር እንዲገናኙ በሕግ ተደንግጓል።

ተቺዎች ገንዘቡ ለሌሎች የሕዝብ አገልግሎቶች መዋል ነበረበት ሲሉ ተቃውመዋል። የዋና ሻምፒዮኗ ብራዚላዊት አና ማርሴላ ኩኛ በበኩሏ ለውድድሩ ተለዋጭ ሥፍራ እንዲዘጋጅ አሳስባለች። ከንቲባዋ አን ኢዳልጎ ትችቱን ለማስተባበል ጁላይ 17 ቀን 2024 በወንዙ ዋኝተዋል። ይሁንና በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ የሚገኘው ኢ-ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ለትራያትሎን ውድድር ከተፈቀደው የ1 ሺህ መጠን እንዳይበልጥ በየዕለቱ ይመረመር ስለነበር፣ ዝናብን ተከትሎ ውኃው በመበከሉ የወንዶቹ ውድድር ከጁላይ 30 ወደ 31 ተዘዋውሯል።

ለሕዝብ የተከፈቱት ሥፍራዎችም ዝናብ በጣለ ጊዜ ለጊዜው ሲዘጉ ታይቷል። የሴን ተሞክሮ እንደሚያሳየው የተበከለ ወንዝን መልሶ መክፈት በአንድ ምረቃ የሚጠናቀቅ ሳይሆን፣ ከከተማ ወሰን የሚያልፍ የመስመር ዝርጋታ፣ ተከታታይ ምርመራና ሥፍራውን አስፈላጊ ሲሆን ለመዝጋት የሚያስችል ግልጽ ሥልጣን የሚጠይቅ ቀጣይ ተግባር ነው።