መስመሩ ሲጠፋ ታሪኩ የት አደረ?

እንግዲህ ጆሮ ስጡኝ። ከአምስተርዳም ተነሥቶ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ የሚያደርስ ወሬ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1984 በአምስተርዳሙ ቭራይ ዩኒቨርሲቲ ዲክ ግሩነ የሚባል መምህር ነበረ። ከሁለት ተማሪዎቹ ጋር የሲ ቋንቋ ኮምፓይለር ይሠራል። ችግሩ ሦስቱ በሰዓት አይገጥሙም። አንዱ ተማሪ ጠዋት ገብቶ ማታ የሚወጣ ሥርዓተኛ፤ ሌላው መምጫና መሄጃው የማይታወቅ፤ መምህሩ ደግሞ ጊዜ የሚያገኘው ከመሸ በኋላ። በዘመኑ የነበረው የለውጥ መመዝገቢያ፣ አርሲኤስ፣ ፋይሉን ለአንድ ሰው ቆልፎ ይሰጣል። እሱ እስኪመልስ ሌላው ተቀምጦ ይጠብቃል።

«ታዲያ ምን አደረገ?» አትሉኝም?

ትእዛዞችን በተራ የደረደሩ አጫጭር ስክሪፕቶች ጻፈ። ሁሉም የየራሱን ቅጂ ይዞ ይሠራል፤ ስክሪፕቱ የአንዱን ለውጥ ከሌላው ጋር ያዋህዳል። ሁለት ሰዎች ያንኑ መስመር በየፊናቸው ከነኩት ብቻ ቆሞ «ኑና ተስማሙ» ይላል። ግሩነ ይህን በ1986 ለሕዝብ አወጣው፤ ሲቪኤስ የሚባለው ይኸው ነው። ኋላ ስንት አገር ሲገለገልበት የኖረ ሥራ፣ ሲጀመር ጥቂት ስክሪፕት ነበር።

ሲቪኤስ ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። ታሪኩ በሙሉ የሚቀመጠው በአንድ ማእከል ነው። ማእከሉ ከጠፋ በየሰው እጅ የሚቀረው የዛሬው ኮድ እንጂ ትናንት ማን፣ ምን፣ ለምን እንደለወጠ አይደለም።

አሁን ወደ ሊኑክስ ፈጣሪ፣ ወደ ሊኑስ ቶርቫልድስ እንለፍ። የሊኑክስ እምብርት፣ ከርነል የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ቢትኪፐር በሚባል የኩባንያ ሶፍትዌር ሲመዘገብ ቆየ። በ2005 ባለቤቱ ነጻ ፈቃዱን አነሣ። ሊኑስ ተቀምጦ አላለቀሰም። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 25 ቀን 1997 ዓ.ም. አዲስ መሣሪያ ጀመረ፤ መጋቢት 29 ቀን መሣሪያው የራሱን ኮድ ታሪክ ራሱ ይመዘግብ ነበር። ጊት ተባለ። በጊት ማንም ሰው ፕሮጀክቱን ሲቀዳ ታሪኩን ሁሉ ይቀዳል። እያንዳንዱ የተመዘገበ ለውጥ፣ ኮሚት የሚሉት፣ የሚጠራው ከይዘቱና ከቀዳሚው ኮሚት በተሰላ 40 ፊደልና ቁጥር ስለሆነ፣ መሐል ላይ አንዲት ነጥብ ቢበላሽ ይታወቃል።

ታሪኩ በየሰው እጅ መኖሩ ጎጃም ውስጥ ምን እንደሚፈይድ ለማየት ወደ 2015 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ እንሂድ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም አልተመለሰም።

እስቲ ፍኖተ ሰላም የተቀመጠ አንድ ፕሮግራመር አስቡ። የበርበሬና የበቆሎ ግዢ የሚመዘግብ ሶፍትዌር ይሠራል፤ ባልደረባው ባሕር ዳር ነው። ክሮን የሚባለው ሰዓት ጠባቂ ፕሮግራም ማታ ማታ የሚያስነሣው ስክሪፕት አለው፤ የቀኑን ለውጥ ኮሚት ያደርጋል፣ ወደ ሰርቨሩ ፑሽ ያደርጋል። መስመሩ ጠፋ። ኮሚቱ ኔትወርክ ስለማይፈልግ ይሳካል። ፑሹ ይወድቃል። ስክሪፕቱ ሲጻፍ ግን የስሕተት መልእክት እንዲውጥ ተደርጎ ነበርና ጭጭ! ባሕር ዳር ያለው «ይህ ሰው ሥራ አቆመ» ይላል፤ ፍኖተ ሰላም ያለው «ደርሶታል» ብሎ ይተኛል። አንድ ማታ ሃርድ ዲስኩ ቢሞት የወራት ድካም አብሮት ይሞታል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉ የለ?

መድኃኒቱ ጥቂት መስመር ነው። ፑሹ ከወደቀ ስክሪፕቱ ይጩህ። ከዚያም ጊት ባንድል በሚባለው ትእዛዝ፣ ካለፈው መላኪያ ወዲህ ያሉትን ኮሚቶች በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ፍላሽ ላይ ያስቀምጥ። መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን ፍላሹ በመንገደኛ እጅ በቡሬ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል። ባልደረባው መጀመሪያ ጥቅሉን ያስመረምራል፤ ቀጥሎ እንደ ሰርቨር ቆጥሮ ፑል ያደርጋል፣ ለውጡን ወደ ራሱ ቅጂ ይስባል። ሦስተኛው ጥቅል ደርሶ ሁለተኛው መንገድ ላይ ከቀረ ጊት «የጎደለ ኮሚት አለ» ብሎ እምቢ ይላል። ስለዚህ ስክሪፕቱ «እስከዚህ ልኬአለሁ» የሚለውን ምልክት ወደፊት ማራመድ ያለበት ላከ ተብሎ ሳይሆን ደረሰ ሲባል ነው። ጥቅሉ በራሱ የተመሰጠረ አይደለምና፣ የገበሬ ስምና የብር መጠን ካለበት በይለፍ ቃል መቆለፍም አይረሳ።

ሌላም ልጨምር። ከኮሚት በፊት የሚነሣ ፕሪ-ኮሚት የሚሉት ስክሪፕት አለ፤ ለምሳሌ የግዢ ክብደት ከዜሮ በታች ሲሞላ ዝም ብሎ የሚቀበል ኮድ ካገኘ በር ይዘጋል። ግን ልብ በሉ፣ ፕሮጀክቱ ሲቀዳ ይህ ዘበኛ አብሮ አይቀዳም። ባሕር ዳር ላይ በሩ ወለል ብሎ ክፍት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስክሪፕቱን ከኮዱ ጋር አስቀምጦ በሁለቱም ቤት ማስተከል ነው።

አንድ ነገር ግን ለስክሪፕት አይሰጥም። ማታ ማታ «የዕለቱ ቅጂ» እያለ የሚመዘግብ ስክሪፕት ቀኑን ይነግረናል፤ የበርበሬው ዋጋ ስሌት ለምን እንደተቀየረ አይነግረንም። ምክንያቱን የሚጽፈው የለወጠው ሰው ነው።

እናንተም ስክሪፕት ካላችሁ፣ ደህና ቀን ሳለ መስመሩን በገዛ እጃችሁ ንቀሉና አስነሡት። ዝም ካለ ዛሬውኑ አርሙት።