የአካል ጉዳተኞች የባትሪ ስኩተር፦ የባትሪ አያያዝ እና መደበኛ ጥገና

መራመድ ለሚያስቸግራቸው አረጋውያን እና አካል ጉዳተኞች የተሠሩ ባለ ሦስት እና ባለ አራት ጎማ የባትሪ ስኩተሮች አልፎ አልፎ በክልል ከተሞች መንገዶች ላይ ይታያሉ። በውጭ ሀገር በሚኖሩ ዘመዶች የተላኩ ወይም በበጎ አድራጎት የተገኙ አሉ። ለባለቤታቸው ትርጉማቸው ትልቅ ነው። የሰው ድጋፍ ሳይጠብቁ ገበያ መውጣት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደርሶ መመለስ፣ ሱቅ ከፍቶ መዋል የሚቻለው በእነርሱ ነው። ባትሪው ሲሞት ግን ባለቤቱ ከደጃፉ አይርቅም። መለዋወጫ በቅርብ በማይገኝበት አካባቢ ደግሞ የአንድ ጥንድ ባትሪ መበላሸት ለወራት ቤት መዋልን ሊያስከትል ይችላል።

ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 20 አካል ጉዳተኞች በተቻለ መጠን ራሳቸውን ችለው እንዲንቀሳቀሱ ሀገራት እርምጃ እንዲወስዱ ይደነግጋል። ይህ መብት በዕለት ኑሮ ውስጥ በባትሪ ጤንነት ላይ የሚንጠለጠልበት ጊዜ አለ። ከዚህ በታች የቀረበው መረጃ ባለቤቱም ሆነ ቤተሰቡ ያለ ልዩ መሣሪያ ሊተገብረው የሚችለው የአያያዝ ሥርዓት ነው። አብዛኛው ምክር በባትሪ ለሚሠሩ ተሽከርካሪ ወንበሮችም ያገለግላል።

ባትሪው እንዴት ይሠራል?

አብዛኞቹ ስኩተሮች እያንዳንዳቸው 12 ቮልት የሆኑ ሁለት ባትሪዎች አሏቸው። ሁለቱ በተከታታይ ተያይዘው 24 ቮልት ይሰጣሉ። በብዛት የሚገኘው ዓይነት ታሽጎ የተሠራ የሊድ አሲድ ባትሪ ነው። በውስጡ ያለው አሲድ በጄል ወይም እንደ ስፖንጅ በሚመጥ ንጣፍ የተያዘ በመሆኑ ውኃ አይጨመርበትም፤ ክዳኑም አይከፈትም። የሚይዘው ኃይል በአምፒር ሰዓት ይለካል። ተገጣጥመው መኪና ላይ የሚጫኑ ትንንሽ ስኩተሮች 12 አምፒር ሰዓት ያህል ሲይዙ፣ የትልልቆቹ 75 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። በአዳዲሶቹ ላይ ሊቲየም ባትሪም ይገኛል፤ አያያዙ በከፊል ስለሚለይ የባትሪውን ዓይነት አስቀድሞ ከላዩ ላይ አንብቦ ማወቅ ይገባል።

የሊድ አሲድ ባትሪ ኃይል ሲሰጥ በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ላይ ሊድ ሰልፌት የተባለ ውሕድ ይፈጠራል። ባትሪው ቶሎ ሲሞላ ውሕዱ ተመልሶ ይፈርሳል። ባዶውን ለቀናት ከቆየ ግን ውሕዱ ወደ ጠጣር ክሪስታል እየተለወጠ ይሄዳል፤ ቻርጀሩም ሊያፈርሰው አይችልም። ባትሪው የሚይዘው ኃይል በዚያው መጠን ለዘለቄታው ይቀንሳል። በሬ ቀኑን ሲያርስ ቢውል አይጎዳም፤ የሚጎዳው አርሶ ገብቶ ሳይበላ ሲያድር ነው። ባትሪም እንደዚሁ ነው።

የኃይል አሞላል ሥርዓት

የመጀመሪያው ደንብ ስኩተሩ በተነዳበት ቀን ሁሉ ማታ ኃይል መሙላት ነው። ጉዞው አጭር ቢሆንም ደንቡ አይለወጥም። «ባትሪው ጨርሶ እስኪያልቅ መጠቀም ይሻላል» የሚለው አባባል ከድሮ የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች የመጣ ነው፤ የሊድ አሲድ ባትሪን ግን ይጎዳል። ከግማሽ በታች ሳይወርድ የሚሞላ ባትሪ በየጊዜው ተሟጦ ከሚሞላው ይልቅ ብዙ ጊዜ ያገለግላል።

ሁለተኛው ደንብ እስከ መጨረሻው መሙላት ነው። የወረደ ባትሪ ለመሙላት በአብዛኛው ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይፈልጋል። ኃይሉ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቶሎ ይገባል፤ የመጨረሻው ክፍል ግን በዝግታ ነው የሚሞላው። ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ የሚነቀል ባትሪ ሁልጊዜ በጎደሎ ስለሚኖር ዕድሜው ያጥራል። የቻርጀሩ መብራት መሙላቱን እስኪያሳይ ድረስ መጠበቅ፣ የሚቻል ከሆነም ሌሊቱን ማሳደር ይመከራል። ከስኩተሩ ጋር የመጣው አውቶማቲክ ቻርጀር ባትሪው ሲሞላ የሚሰጠውን ኃይል በራሱ ይቀንሳል።

ኤሌክትሪክ በተደጋጋሚ በሚቋረጥበት አካባቢ መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ከሶኬት መንቀል፣ ተመልሶ ከተረጋጋ በኋላ መሰካት ይገባል። ይህም መብራት ሲመለስ ከሚፈጠር የኃይል መዋዠቅ ቻርጀሩን ይጠብቀዋል። ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ካደረ ቀን ላይ አሞላሉን ማስጨረስ ያስፈልጋል።

ከውጭ ሀገር በተላኩ ስኩተሮች ላይ ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው ጉዳይ ቻርጀሩ የሚቀበለው ቮልት ነው። በኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን በአሜሪካ ግን 120 ቮልት ገደማ ነው። ለአሜሪካ ብቻ የተሠራ ቻርጀር እዚህ ሶኬት ላይ ቢሰካ ይቃጠላል። ከመሰካት በፊት በቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ማንበብ የግድ ነው። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ በቀጥታ ይሠራል። በጎኑ የቮልት መምረጫ ያለው ከሆነ ወደ 220 ወይም 230 መዞር አለበት። 110 ወይም 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን ለአቅሙ የሚበቃ የቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር ወይም ሌላ ተስማሚ ቻርጀር ያስፈልገዋል።

ባትሪ በሚሞላበት ጊዜ ተቀጣጣይ የሆነ የሃይድሮጅን ጋዝ ሊወጣ ይችላል። በመሆኑም ኃይል የሚሞላበት ቦታ አየር የሚያገኝ መሆን አለበት። የከሰል ማንደጃ፣ የዕጣን ማጨሻ፣ ሻማ እና ሲጋራ ወደ አካባቢው መቅረብ የለባቸውም። ቻርጀሩም በብርድ ልብስ ወይም በልብስ አይሸፈንም፤ ሲሠራ ስለሚሞቅ አየር ይፈልጋል።

ሳይነዳ ሲቀመጥ

በሕመም፣ በክረምት ጭቃ ወይም በሌላ ምክንያት ስኩተሩ ለሳምንታት የሚቆም ከሆነ አስቀድሞ ሙሉ በሙሉ መሞላት፣ ማስነሻ ቁልፉም መነቀል አለበት። ባትሪ ሥራ ላይ ባይሆንም ኃይሉን ቀስ በቀስ ያጣል። ስለዚህ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ እንደገና መሙላት ያስፈልጋል። ሊቲየም ባትሪ ግን ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ግማሽ ያህል ኃይል ይዞ መቆየቱ ይሻለዋል።

ሙቀት የባትሪ ዕድሜን ያሳጥራል። የሊድ አሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ ይታወቃል። እንደ መተማ እና ሁመራ ባሉ ቆላማ አካባቢዎች ስኩተሩን ከፀሐይ ጥላ፣ ከቆርቆሮ ግድግዳም ራቅ አድርጎ ማቆም ይጠቅማል። እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ደጋማ ቦታዎች ደግሞ ብርድ በሚጠናበት ማለዳ ባትሪው ከወትሮው ያነሰ ርቀት ይወስዳል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ጉዞን ማቀድ ግን ይጠይቃል። ዳገት፣ ከባድ ጭነት እና የላላ ጎማም ኃይሉን ቶሎ ይጨርሳሉ።

የባትሪውን ጤንነት መለየት

በስኩተሩ ላይ ያለው የኃይል ማሳያ ግምታዊ ነው። የተሻለ መረጃ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት የቮልት መለኪያ ነው። ልኬቱ የሚወሰደው ባትሪው ከተሞላ በኋላ ተነቅሎ ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ ነው። ጤነኛ እና ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.8 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12.2 ቮልት ግማሽ ያህል መቅረቱን ያመለክታል፤ ከ11.8 በታች ባዶ መሆኑን ያሳያል። ሁለቱን ባትሪዎች ለየብቻ መለካት ይገባል። አንዱ ከሌላው በግልጽ ካነሰ ችግሩ እዚያ ላይ ነው።

ቀድሞ ይደረስበት የነበረው ርቀት እየቀነሰ መሄዱ፣ ዳገት ላይ ማሳያው በድንገት መውረዱ፣ የቻርጀሩ መብራት ከረጅም ጉዞ በኋላ በጥቂት ጊዜ ውስጥ «ሞልቷል» ማለቱ ባትሪው እየደከመ ለመሆኑ ምልክቶች ናቸው። በሚገባ የተያዘ ባትሪም እንደ አጠቃቀሙ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ገደማ አገልግሎ ይለወጣል።

ባትሪ ሲለወጥ

ሁለቱ ባትሪዎች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት፣ በእኩል አምፒር ሰዓት መለወጥ አለባቸው። አዲሱ ከአሮጌው ጋር ሲጣመር አሮጌው አዲሱን ይዞት ይወርዳል። በቀላሉ ስለሚገኝ የመኪና ባትሪ መግጠም የተለመደ ስሕተት ነው። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት ለአፍታ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ የተሠራ ነው፤ ለሰዓታት ቀስ እያለ ኃይል መስጠት ሰሌዳዎቹን ቶሎ ይጎዳቸዋል። ያልታሸገው ዓይነት ደግሞ ስኩተሩ ቢያዘነብል አሲድ ያፈስሳል። ሲገዛ በጥልቀት ወርዶ ለመሞላት የተሠራ፣ የታሸገ፣ ልኩም ከማስቀመጫው ጋር የሚገጥም መሆኑ ይታያል። የመኪና ባትሪ መሙያም የስኩተሩን ቻርጀር አይተካም።

ገመዶቹ ከመፈታታቸው በፊት አያያዛቸውን በስልክ ፎቶ ማንሳት ጠቃሚ ነው። የሚሠራው ሰው ቀለበት እና የእጅ ሰዓት ማውለቅ አለበት። የብረት መፍቻ በአንድ ጊዜ ሁለቱን የባትሪ ጫፎች ቢነካ ብልጭታ እና ከባድ ቃጠሎ ያስከትላል። ልምድ የሌለው ሰው ሥራውን ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ቢሰጥ ይሻላል።

የጥገና መርሐ ግብር

በየቀኑ፦ ከመነሳት በፊት የኃይል ማሳያውን፣ ጡሩምባውን እና ፍሬኑን መፈተሽ። አብዛኞቹ ስኩተሮች መንጃው ሲለቀቅ በራሱ የሚይዝ የኤሌክትሪክ ፍሬን አላቸው። በሜዳ ላይ ቀስ ብሎ ነድቶ መንጃውን በመልቀቅ ስኩተሩ ቀጥ ብሎ መቆሙን ማረጋገጥ ይቻላል።

በየሳምንቱ፦ ጎማዎችን ማየት። በነፋስ የሚሞሉ ጎማዎች በጎናቸው ላይ የተጻፈውን ልክ ማግኘት አለባቸው። ጎሚስታ ቤት ሲሞላ የጎማውን ትንሽነት ማስታወስ ያስፈልጋል፤ የመኪና ጎማ መሙያ በጥቂት ሰከንድ ሊያፈነዳው ይችላል። አቧራ በደረቅ ወይም እርጥበቱ በተጨመቀ ጨርቅ ይጠረጋል። ስኩተርን ላቫጆ ወስዶ በግፊት ውኃ ማሳጠብ ሞተሩን እና መቆጣጠሪያውን ያበላሻል።

በየወሩ፦ ብሎኖችን መፈተሽ። በኮብልስቶን መንገድ ላይ የሚደርሰው መንቀጥቀጥ የመቀመጫውን፣ የመሪውን እና የጎማዎቹን ብሎኖች ያላላል። ከኋላ ያሉት ትንንሽ ጎማዎች ዳገት ላይ ስኩተሩ ወደ ኋላ እንዳይገለበጥ የሚከላከሉ በመሆናቸው መነቀል የለባቸውም። በባትሪው ጫፎች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ከታየ ገመዱ ተፈትቶ በደረቅ ብሩሽ ይጸዳል፤ ሲታሰርም በደንብ ይጠብቃል፤ ከላይ በስሱ ቫዝሊን ይቀባል።

በየዓመቱ፦ የሞተሩ ካርቦኖች፣ የፍሬኑ እና የገመዶቹ ሁኔታ በባለሙያ ይታያል።

ዝናብ የመታው ስኩተር እስኪደርቅ ኃይል አይሞላም። ክረምት ላይ መሪውን እና በላዩ ያሉትን መቆጣጠሪያዎች በላስቲክ መሸፈን፣ ጎርፍ የያዘ መንገድንም ማስቀረት ያስፈልጋል።

ወዲያውኑ መቆም ያለበት መቼ ነው?

ባትሪው ካበጠ፣ እጅ እስኪያቃጥል ከሞቀ፣ የበሰበሰ ዕንቁላል የሚመስል ሽታ ካመጣ ወይም ፈሳሽ ካወጣ አሞላሉ ተቋርጦ ባለሙያ መጠራት አለበት። ያበጠ ሊቲየም ባትሪ ፈጽሞ መሞላት የለበትም። አሲድ ቆዳ ወይም ዓይን ከነካ በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ዓይን ከሆነም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ስኩተሩ መንገድ ላይ ቢቆም ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን ማንሻ በመጠቀም በሰው ኃይል መግፋት ይቻላል። ይሁን እንጂ ማንሻው ሲላቀቅ የኤሌክትሪክ ፍሬኑ አይሠራም። ስለዚህ በቁልቁለት ላይ፣ በተለይም ሰው ተቀምጦበት እያለ፣ ማላቀቅ ለሕይወት አደገኛ ነው።

አሮጌው ባትሪ የት ይሄዳል?

በባትሪው ውስጥ ያለው እርሳስ መርዛማ ነው፤ በተለይ የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል። አፈር ውስጥ ከገባም ለረጅም ዘመን አይጠፋም። አሮጌ ባትሪን በጓሮ መቅበር፣ ወንዝ ዳር መጣል፣ ሰብሮ እርሳሱን ማቅለጥ ወይም ማቃጠል አይገባም። ሳይሰበር አሮጌ ባትሪ ለሚረከቡ ነጋዴዎች ማስረከብ ይሻላል። አሮጌው ባትሪ ዋጋ ስላለው ለአዲሱ መግዣ ጥቂትም ቢሆን ያግዛል።

አዲስ ባትሪ የተገጠመ ዕለት ቀኑን በላዩ ላይ በማይለቅ ቀለም መጻፍ ጥሩ ልማድ ነው። ባለቤቱ የባትሪውን ዕድሜ ካወቀ ለሚቀጥለው ገንዘብ አስቀድሞ ማጠራቀም ይጀምራል፤ ባትሪው መንገድ ላይ እስኪያቆመውም አይጠብቅም።