ዘንግ የተሸከመ ቀለበት

እንግሊዛዊው ዊልያም ኒውቤሪ እ.ኤ.አ. በ1808 በሁለት መንኰራኵሮች ላይ እንደ ቀበቶ ተወጥሮ ለሚዞር መጋዝ የፈጠራ መብት ቢቀበልም፣ የምላጩን ጫፎች አጽንቶ የሚያጋጥም ብየዳ ስላልነበረ፣ ፈረንሳዊቷ አን ፖሊን ክሬፓን በ1846 የብየዳውን ጥበብ እስክታስመዘግብ ድረስ ሐሳቡ ለሥራ ሳይበቃ ቆየ። ምላጩ ከጸና ወዲህ ግን ሸክሙ ሁሉ የመንኰራኵሩን ዘንግ በሚይዘው ኩሽኔታ ላይ ወደቀ፤ ውጥረቱ ዘንጉን ወደ አንድ ወገን ሳያቋርጥ ይስበዋልና፣ ኩሽኔታው ጥቂት የላላ ወይም ዘንጉ ከመሥመር የወጣ እንደ ሆነ ምላጩ ይዋልላል፣ ጣውላውም እንደ ማዕበል ወጣ ገባ ይሆናል።

ከመሥመር ለሚወጣ ዘንግ ፍቱን መድኀኒት የተገኘው፣ እጅግ በሚያስደንቀኝ አኳኋን፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው፤ በስዊድን አገር በዮተቦሪ ከተማ ስቬን ቪንግክቪስት የፋብሪካው መሬት እየሰጠመ ዘንጎቹን ከመሥመር ሲያወጣበት አይቶ፣ በ1907 ዘንጉ ሲያዘነብል አብሮ የሚያዘነብል፣ ባለሁለት ረድፍ እንክብል ኩሽኔታ ፈለሰፈ። ዛሬም በግቢው መጋዝ የሚሠራ ሰው፣ የብረት አልጋው በብየዳ ትንሽ ቢጣመምበት፣ ራሱን የሚያስተካክለውን ኩሽኔታ ይመርጣል፤ ከመግዛቱም በፊት ድምፁን ለመስማት በጆሮው አጠገብ ቀስ አድርጎ ያዞረዋል።